የአሞኒያ ዲዛይን ፕሮጀክት፦ የኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ ከሠንጠረዡ በ4 እጥፍ በልጦ ወጣብኝ

ባዶ_ቤከር · ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። የ5ኛ ዓመት ኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የዲዛይን ፕሮጀክታችን በቀን 100 ቶን አሞኒያ የሚያመርት ፋብሪካ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ከውሃ በኤሌክትሮሊሲስ፣ ናይትሮጅኑ ከአየር። ቡድናችን አራት ሰው ነው፣ ለእኔ የደረሰኝ ሪአክተሩና ኤሌክትሮላይዘሩ ነው። (መግቢያውን ለመጻፍ የተመደቡት ልጆች ተኝተዋል።)

ሪአክሽኑ፦ ናይትሮጅን + 3 ሃይድሮጅን ⇌ 2 አሞኒያ

የ25 ዲግሪ ሠንጠረዥ ላይ ዴልታ ኤች (የሪአክሽኑ ሙቀት) −91.8 ኪሎጁል፣ ዴልታ ኤስ (የኢንትሮፒ ለውጥ) −198.1 ጁል በኬልቪን ነው። በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም በ723 ኬልቪን፣ ዴልታ ጂ (የነፃ ኃይል ለውጥ) እና ኬ (ኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ፣ ሪአክሽኑ ወደ አሞኒያ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚናገረው ቁጥር)፦

ዴልታ ጂ = −91.8 + (723 × 0.1981) = +51.4 ኪሎጁል
ናቹራል ሎግ ኬ = −51,400 ÷ (8.314 × 723) = −8.55
ኬ = 1.9 × 10⁻⁴

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ግን ለ450 ዲግሪ 4.5 × 10⁻⁵ ይላል። አራት እጥፍ! ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ላይ 0.0067 አገኘ። ከሦስቱ የቱን ልያዝ?

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ለኤሌክትሮላይዘሩ አንዱ ቦታ 1.23 ቮልት፣ ሌላው ቦታ 1.48 ቮልት ይላል። የኃይል ፍጆታውን በየትኛው ላስላ?

---

ጨው_ድልድይ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:45

የጓደኛህን እናስቀድም፣ እሱ ቀላል ነው። 0.0067ን በራሱ አባዛው፣ 4.5 × 10⁻⁵ ይመጣል። መጽሐፉ ሪአክሽኑን በግማሽ ጽፎታል፦ ግማሽ ናይትሮጅን + 1.5 ሃይድሮጅን ⇌ 1 አሞኒያ። ሪአክሽን ሲገመስ ኬ ስኩዌር ሩት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ መጽሐፎች አልተጣሉም። የኬ ቁጥር ከየትም ስትወስድ ከጎኑ የተጻፈውን ሪአክሽን አብረህ ውሰድ።

አሁን ወዳንተ። የሒሳብ ስህተት የለብህም። ግን የ25 ዲግሪውን ዴልታ ኤች እና ዴልታ ኤስ ተሸክመህ 450 ዲግሪ ድረስ ወጣህ። በመካከሉ 425 ዲግሪ አለ፣ በዚያ መንገድ ላይ ሁለቱም ይለወጣሉ። የሚለውጣቸው የሙቀት አቅም ልዩነት ነው፣ ዴልታ ሲፒ። በ25 ዲግሪ አሞኒያ 35.1፣ ናይትሮጅን 29.1፣ ሃይድሮጅን 28.8 ጁል በሞል በኬልቪን፦

ዴልታ ሲፒ = (2 × 35.1) − 29.1 − (3 × 28.8) = −45.3 ጁል በኬልቪን

አራት ሞል ጋዝ ገብቶ ሁለት ሞል ስለሚወጣ ነው እንዲህ ትልቅ የሆነው። አሁን አስተካክል፦

ዴልታ ኤች በ723 = −91.8 − (0.0453 × 425) = −111.1 ኪሎጁል
ዴልታ ኤስ በ723 = −198.1 − 45.3 × ናቹራል ሎግ(723 ÷ 298) = −238.2 ጁል በኬልቪን
ዴልታ ጂ = −111.1 + 172.2 = +61.1 ኪሎጁል
ኬ = 3.8 × 10⁻⁵

ከ4.5 ጋር ጎረቤት ሆነ። የቀረችው ልዩነት ዴልታ ሲፒ ራሱ ቋሚ ስላልሆነ ናት፤ የአሞኒያ የሙቀት አቅም ሲሞቅ ከሌሎቹ ፈጥኖ ያድጋል፣ ስለዚህ −45.3 እየሳሳ ይሄዳል። ሲፒን በሙቀት መጠን ፖሊኖሚያል አድርገህ ኢንቲግሬት ብታደርግ ሠንጠረዡ ላይ ታርፋለህ።

ልብ በል፣ ዴልታ ጂ ላይ የተለወጠው 10 ኪሎጁል አይሞላም። ግን በ723 ኬልቪን አር (የጋዝ ኮንስታንቱ፣ 8.314) ሲባዛ በቲ (በኬልቪን ሙቀቱ) 6 ኪሎጁል ብቻ ነው፤ በየ6 ኪሎጁሉ ኬ በ2.7 እጥፍ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ኤክስፖኔንሻል ምሕረት የለውም።

---

ካልኩሌተር_ጠላ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:05

እረ ባካችሁ ልጁን አታስጨንቁት። እኛ ስንማር ዴልታ ኤችን ቋሚ አድርገን ነው ያለፍነው፣ ፈተናም ላይ «ቋሚ ነው ብላችሁ ውሰዱ» ይባላል። ለመሆኑ ፋብሪካው ላይ ምን ይለውጣል? ግፊት ሲጨምር አሞኒያ ይጨምራል፣ ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል፣ አለቀ።

---

ጨው_ድልድይ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ፈተና ላይ እሺ። ዲዛይን ላይ ግን እንይ ምን እንደሚለውጥ። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን 1 ለ 3 ሆነው ከገቡ፣ የአሞኒያን ሞል ፍራክሽን ዋይ ብንለው ቀመሩ ወደዚህ ይጠቀለላል፦

ዋይ ÷ (1 − ዋይ)² = 0.325 × ስኩዌር ሩት(ኬ) × ግፊት

በ200 አትሞስፌር፣ በ1.9 × 10⁻⁴ ስታሰላ ዋይ 36.5 በመቶ ይወጣል። በ4.5 × 10⁻⁵ ደግሞ 24.7 በመቶ። በመጀመሪያው ቁጥር ተማምኖ ሪአክተሩን 30 በመቶ ያወጣል ብሎ የነደፈ ሰው ተፈጥሮ የማትፈቅደውን እየጠየቀ ነው፤ ካታሊስቱን (ሪአክሽኑን የሚያፋጥነውን) ተራራ ቢያደርገው 30 አያገኝም።

---

የጣና_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:32

አስፐን (የፋብሪካ ማስሊያ ሶፍትዌር) ላይ አስገባውና ተኛ። በዚህ ዘመን በእጅ ኬ የሚያወጣ አለ እንዴ?

---

ጨው_ድልድይ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:50

ያስገባ፣ ማን ከለከለው። ግን ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጋዙን በየትኛው ሞዴል ላስላ?» ብሎ ነው። ኢዲያል ጋዝን (ሞለኪውሎቹ አይሳሳቡም የሚለውን ቀላል ሞዴል) ከመረጠ በ450 ዲግሪና በ300 አትሞስፌር 31 በመቶ ይነግረዋል። በፈረንጆች 1920ዎቹ በላቦራቶሪ የተለካው ግን 35 በመቶ ተኩል አካባቢ ነው። በ100 አትሞስፌር ደግሞ ኢዲያሉ 15.6፣ የተለካው 16.4 ገደማ፤ ያን ያህል አይራራቁም። ግፊቱ ሲጨምር ጋዙ ከኢዲያል ይሸሻል፣ ለዚህ ነው ፉጋሲቲ (ለዚህ መሸሽ የተስተካከለ ግፊት) የምንማረው። ይህን የማያውቅ ሰው ሶፍትዌሩ 31ም ይስጠው 35 እኩል ደስ ብሎት ይተኛል።

---

ባዶ_ቤከር · ማክሰኞ፣ ማታ 4:15

እግዜር ይስጥልኝ ጨው ድልድይ፣ በራልኝ። ዴልታ ሲፒን ፖሊኖሚያል አድርጌ ኤክሴል ላይ ሠራሁት፣ ሠንጠረዡ ላይ ገጠመ። የቮልቱን ጥያቄ የሚያውቅ አለ?

---

እመቤት_አኖድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

አለሁ። ጀርመን ነው ያለሁት፣ ሥራዬም ከኤሌክትሮላይዘር ጋር ነው፣ ስለዚህ ይህ የእኔ ሰፈር ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። አንድ ሞል ውሃ ለመበተን በጠቅላላ 285.8 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ይህ ዴልታ ኤች ነው። ከዚህ ውስጥ የግድ በኤሌክትሪክ መምጣት ያለበት 237.1 ነው፤ ይህ ዴልታ ጂ ነው። የቀረው 48.7 በሙቀት መልክ ቢመጣም ይቀበላል። እያንዳንዱን ለ2 ኤሌክትሮንና ለፋራዴይ ኮንስታንት አካፍል፦

237,100 ÷ (2 × 96,485) = 1.23 ቮልት
285,800 ÷ (2 × 96,485) = 1.48 ቮልት

በ1.23 እና በ1.48 መካከል የሚሠራ ሴል ቢኖር ከአካባቢው ሙቀት እየሳበ ይቀዘቅዛል። በ1.48 ላይ ሙቀት አይስብም፣ አያወጣም። ከዚያ በላይ ይሞቃል። አንተ ግን የምታሰላው በሁለቱም አይደለም! እውነተኛ ሴል የኤሌክትሮዱን ስንፍና (ኦቨርፖቴንሻል) እና የፈሳሹን ሬዚስታንስ ማሸነፍ አለበት፣ ስለዚህ ለአልካላይን ሴል 1.9 ቮልት አካባቢ ያዝ።

የኔ አቋራጭ ይኸውልህ። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 496 ሞል ነው፣ በ2 ኤሌክትሮን ሲሰላ 26.6 ኪሎአምፔር ሰዓት ቻርጅ ይፈልጋል። ይህ ቁጥር አይለወጥም፣ ፋራዴይ የዘጋው ጉዳይ ነው። ቮልቱን በ26.6 ማባዛት ብቻ፦

በ1.23 → 32.7 ኪሎዋት ሰዓት በኪሎ
በ1.48 → 39.4
በ1.9 → 50.5

1 ቶን አሞኒያ 178 ኪሎ ሃይድሮጅን ይበላል። በ50.5 ስታባዛው 9 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል። በቀን 100 ቶን ማለት እንግዲህ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 37 ሜጋዋት፣ ለኤሌክትሮላይዘሩ ብቻ። ኮምፕረሰሩና የአየር መለያው ገና አልተነኩም። ውሃ ደግሞ ለ1 ቶን አሞኒያ 1.6 ቶን ንጹሕ ውሃ ይበተናል፤ የማቀዝቀዣው ለብቻ ነው።

---

ካልኩሌተር_ጠላ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ስለዚህ ኤፊሸንሲው 1.23 ÷ 1.9፣ 65 በመቶ ነው ማለት ነው? አንድ የሻጭ ብሮሹር ላይ ለዚያው ቮልት 78 በመቶ አይቻለሁ። ዋሽተው ነው?

---

እመቤት_አኖድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:20

አልዋሹም፣ ብልጦች ናቸው። 1.48 ÷ 1.9 ስታደርገው 78 ይሆናል። የሃይድሮጅኑን ከፍተኛ የሙቀት ዋጋ፣ 39.4 ኪሎዋት ሰዓትን፣ ከላይ አስቀምጠዋል። ዝቅተኛውን 33.3 ብታስቀምጥ 66 ነው። ያው ማሽን፣ ያው መብራት። ስለዚህ ከሻጭ ጋር ስትነጋገሩ በመቶኛ አትነጋገሩ፣ «በኪሎ ስንት ኪሎዋት ሰዓት?» በሉ፤ ደግሞም ሬክቲፋየሩንና (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን) ፓምፑን ጨምሮ።

ለባዶ ቤከር ሌላ ሥራ ልስጥህ፦ ከ1.48 በላይ ያለው 0.42 ቮልት ሙሉ በሙሉ ሙቀት ነው። ሲባዛ በ26.6 ለ1 ኪሎ 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። 37 ሜጋዋት ውስጥ 8ቱን በማቀዝቀዣ ውሃ ማውጣት አለብህ። የሙቀት መለዋወጫውን ሳትነድፍ ፕሮጀክቱን እንዳታስገባ።

---

የጣና_ልጅ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:41

አዲስ አበባ ላይ ቢተከልስ? ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው በቀላሉ አይበተንም? ለማፍላቱ እንኳ 92 ዲግሪ ይበቃዋል።

---

እመቤት_አኖድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:55

ጥሩ የኔርንስት ጥያቄ (ግፊት ቮልቱን ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሰላው ቀመር)። የአዲስ አበባ አየር 0.77 ባር አካባቢ ነው። ሴሉ ላይ የሚያተርፍልህ 5 ሚሊቮልት ነው፣ ከ1.9 ቮልት! በዚያ ፈንታ የአየር ኮምፕረሰርህ የሳሳ አየር እየዋጠ ትልቅ ማሽን ያስገዛሃል። በተቃራኒው ኤሌክትሮላይዘሩን በ30 ባር ብታሠራው በ25 ዲግሪ ስሌት 66 ሚሊቮልት ብቻ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኮምፕረሰር ግን በጣም ያንሳል። ብዙዎች ይህንን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

---

ጡረተኛው_ኦፕሬተር · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:10

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በውጭ አገር አሞኒያ ፋብሪካ ኮንትሮል ሩም ውስጥ ነው። ጥቂት ነገር ልጨምር።

«450 ዲግሪ» ትላላችሁ፤ የቱ ጋ ነው 450ው? ሪአክተር ውስጥ አንድ ሙቀት የለም። አሞኒያው በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ጋዙ ወደ 15 ዲግሪ ይሞቃል። ከ3 ወደ 15 በመቶ በአንድ አልጋ (በአንድ የካታሊስት ንብርብር) ላሂድ ብትል 180 ዲግሪ ይወጣል፣ ኢኩሊብሪየሙም አልፎህ ይሄዳል። ለዚህ ነው ካታሊስቱ በሁለት በሦስት አልጋ ተከፍሎ በመካከል የሚቀዘቅዘው። የምትነድፈው የመውጫውን ሙቀት ይዘህ ነው፤ ከኢኩሊብሪየሙም ትንሽ ዝቅ ብለህ ቁም።

ሁለተኛ፣ ናይትሮጅኑን ከምን ታመጣዋለህ? ፒ ኤስ ኤ (ግፊት እያፈራረቀ አየርን የሚለይ መሣሪያ) ከሆነ ሻጩ «99.5 በመቶ ንጹሕ» ሲልህ ብዙ ጊዜ አርጎኑን ከናይትሮጅን ጋር ደምሮ ነው። አየር ውስጥ አርጎን 0.93 በመቶ አለ፣ በናይትሮጅኑ ስታካፍለው 1.2 በመቶ። አርጎን አይሠራም፣ አይበላም፣ ከሉፑም (ጋዙ ወደ ሪአክተሩ እየተመለሰ ከሚዞርበት ቀለበት) አይወጣም፤ ሳይከፍል እንደሚቀመጥ ተከራይ ነው። ፐርጅ ካላደረግህ (ከሚዞረው ጋዝ ጥቂቱን ወደ ውጭ ካላወጣህ) እየተከማቸ ሉፑን ይሞላዋል።

ሦስተኛ፣ ኦክስጅን። ከኤሌክትሮላይዘር የሚመጣው ሃይድሮጅን ትንሽ ኦክስጅንና እርጥበት ይዞ ይመጣል፣ ሁለቱም የብረት ካታሊስትን ይመርዛሉ። በፓላዲየም ካታሊስት ኦክስጅኑን ወደ ውሃ ቀይረህ፣ ከዚያ አድርቀህ ነው የምታስገባው። በፋብሪካህ ገለጻ ውስጥ ይህን ደረጃ አላየሁም።

---

ባዶ_ቤከር · ረቡዕ፣ ማታ 1:20

ጋሼ እጅግ አመሰግናለሁ፣ እንደርስዎ ያለ ሰው እዚህ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። ባሉት መሠረት ሉፑን ሠራሁት።

ምርት በሰዓት 245 ኪሎሞል አሞኒያ። ለዚህ የሚያስፈልገው ፊድ (አዲስ የሚገባ ጋዝ) 367 ሃይድሮጅን እና 122 ናይትሮጅን፣ በድምሩ 489 ኪሎሞል። ሪአክተሩ ሲገባ 3 በመቶ፣ ሲወጣ 15 በመቶ አሞኒያ ብዬ ያዝኩ። ለእያንዳንዱ 100 ሞል የሚገባ ጋዝ 10.4 ሞል አሞኒያ ይሠራል፣ ስለዚህ ወደ ሪአክተሩ የሚገባው 2,350 ኪሎሞል በሰዓት ነው። ሪሳይክሉ (ተመልሶ የሚዞረው ጋዝ) ከፊዱ 3.8 እጥፍ ሆነ።

ፐርጁ፦ ከናይትሮጅኑ ጋር 1.46 ኪሎሞል አርጎን በሰዓት ይገባል። በሉፑ ውስጥ እስከ 10 በመቶ ብፈቅድ ፐርጁ 14.6 ኪሎሞል ነው። ከፊዱ 3 በመቶ ስለሆነ ትንሽ ነው ብዬ ወደ ፍሌር (ትርፍ ጋዝ ማቃጠያ) ልኬዋለሁ። ይሄ ያስኬዳል?

---

እመቤት_አኖድ · ረቡዕ፣ ማታ 1:50

አይ አይ አይ፣ ፍሌር ምን ቆርጦት! ከዚያ ፐርጅ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ሃይድሮጅን ነው፣ 9.5 ኪሎሞል፣ 19 ኪሎ በሰዓት። በ50.5 አባዛው፦ 1 ሜጋዋት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ፐርጁን ቢያንስ ምድጃው ውስጥ ያነደዋል፤ አንተ ምድጃ የለህም። ወይ ሃይድሮጅኑን በሜምብሬን (ጋዝ በሚለይ ስስ ሽፋን) መልሰው፣ ወይ ፒ ኤስ ኤውን ትተህ አርጎንን የሚለይ ክራዮጀኒክ (በብርቱ ቅዝቃዜ የሚሠራ) የአየር መለያ አስገባ። ሁለቱን በዋጋ አወዳድር፣ ምናልባት የሪፖርትህ ምርጥ ገጽ እሱ ይሆናል።

---

የጣና_ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 2:05

ቆይ፣ 37 ሜጋዋት ከሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት አንጻር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ዩሪያ ከውጭ ለምን እንገዛለን?

---

ጨው_ድልድይ · ረቡዕ፣ ማታ 2:30

የተጫነው አቅምና ዓመቱን ሙሉ የሚወጣው ኃይል አንድ አይደለም፣ እሱን እንለፈው። ትልቁ ነጥብ ዩሪያ ውስጥ ካርቦን መኖሩ ነው። 2 አሞኒያ + 1 ካርቦንዳይኦክሳይድ። 100 ቶን አሞኒያ 176 ቶን ዩሪያ ይሆናል፣ ለዚህም በየቀኑ 129 ቶን ካርቦንዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። ከተፈጥሮ ጋዝ ስትሠራ ካርቦኑ አብሮ ይመጣል፤ ከውሃ ስትሠራ የለም፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ወይም ከሌላ ቦታ መልቀም አለብህ።

ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ሪዩካን ላይ በፏፏቴ ኃይል፣ ግብፅ ውስጥ ኪማ በአስዋን ኃይል፣ ዚምባብዌ ውስጥ ሴብል ክዌክዌ ላይ ለአሥርት ዓመታት ከውሃ ሃይድሮጅን አውጥተው ማዳበሪያ ሠርተዋል። ኪማና ሴብል የሚያመርቱት አሞኒየም ናይትሬት ነበር፤ ካርቦን አይጠይቅማ። ኪማ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል፣ ምክንያቱን ለመገመት የመብራትና የጋዝ ዋጋን ማየት ይበቃል።

---

ጡረተኛው_ኦፕሬተር · ረቡዕ፣ ማታ 2:55

መብራት ሲጠፋስ? ኤሌክትሮላይዘር ወዲያው ቆሞ ወዲያው ይነሣል። የአሞኒያ ሉፕ ግን እንዲህ መጫወቻ አይደለም፤ በተደጋጋሚ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ካታሊስቱም ብረቱም ይጎዳል። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት የሚሆን የሃይድሮጅን ማጠራቀሚያ ንደፍ፣ ሉፑ በዝቅተኛ ጭነት እየተነፈሰ እንዲቆይ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጠይቅህ ልጄ፦ «ሲገባ 3 በመቶ» ያልከው ከየት መጣ? 3 በመቶ በምኞት አይገኝም፣ አንድ ነገር ቀዝቅዞ ነው።

---

ባዶ_ቤከር · ረቡዕ፣ ማታ 4:00

ጋሼ፣ መጽሐፍ ላይ ካለ ምሳሌ ነው የወሰድኩት። አሁን ግን በክላውዚየስ ክላፔይሮን (የመፍያ ሙቀትን ከግፊት የሚያሰላ ቀመር) ሞከርኩት። 3 በመቶ ከ200 አትሞስፌር 6 አትሞስፌር ነው። አሞኒያ በ1 አትሞስፌር በ−33 ዲግሪ ይፈላል፣ የመትነኛ ሙቀቱ 23.3 ኪሎጁል በሞል። በ6 አትሞስፌር 283 ኬልቪን መጣልኝ፣ 10 ዲግሪ። እንግዲያው የጉድጓድ ውሃ ቢያንስ ግማሹን ይሠራዋል ማለት ነው?

---

ጡረተኛው_ኦፕሬተር · ረቡዕ፣ ማታ 4:25

ስሌቱ ቆንጆ ነው፣ 10 ዲግሪው ግን አይበቃህም። በ200 አትሞስፌር ጋዙ በጣም ስለተጨናነቀ ከእንፋሎት ግፊቱ በላይ አሞኒያ ይሸከማል፤ ጨው ድልድይ ትናንት ያለው ፉጋሲቲ እዚህም ይመጣብሃል። በተግባር ከዜሮ በታች መውረድ አለብህ። መጀመሪያ በውሃ፣ ቀጥሎ በራሱ በአሞኒያ ማቀዝቀዣ። የማቀዝቀዣውን ኮምፕረሰር ኃይል 37ቱ ላይ መደመር አትርሳ።

---

ባዶ_ቤከር · ረቡዕ፣ ማታ 4:40

እሺ ጋሼ። በ−15 ዲግሪ አስልቼ የኮምፕረሰሩን ኪሎዋት ነገ ማታ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ። ሜምብሬኑን ለተኙት ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ።